ዝቋላ፦ ከእናቴ መስኮት እስከ ሐይቁ ዳር

ዝቋላን የማውቀው ከእናቴ መስኮት ነው። ቤታችን አቃቂ ነው፤ የጓዳው መስኮት ወደ ደቡብ ይከፈታል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ከሜዳው ማዶ፣ ከሌሎች ተራሮች ተነጥሎ ብቻውን የተቀመጠ፣ አናቱ የተጎመደ ሰማያዊ ተራራ ወለል ብሎ ይታያል። እናቴ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ፊቷን የምታዞረው ወደዚያ ነው። አማትባ «አቡዬ፣ በሰላም አውለኝ» ሳትል እሳት አትጭርም። ደመና አናቱ ላይ ከተጠመጠመ ደግሞ «ዝቋላ ሻሹን አሰረ፤ የተሰጣውን ልብስ አስገቡ» ትለናለች። ብዙ ጊዜ ልክ ናት።

ልጅ ሳለሁ የሳንባ ምች አሞኝ ሊወስደኝ ነበር ይባላል። እናቴ ያን ሌሊት ዝቋላ አናት ላይ ገዳማቸው ላለው ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ተሳለች፦ «ልጄን ካተረፍክልኝ ራሱ በእግሩ ወጥቶ ጧፍ ያበራልሃል።» ተረፍኩ። ስለቱ ግን ሳይደርስ ሠላሳ ዓመት አለፈው። ትምህርት ነው፣ ሥራ ነው፣ ዛሬ ነገ ነው እያልኩ። እሷም አላስጨነቀችኝም። በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት ግን ጉልበቷን ይዛ ተቀምጣ «እኔስ ከእንግዲህ አልወጣውም፤ አንተ ግን እግር አለህ» አለችኝ። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ያን ማታ ፈቃድ ጠየቅኩ።

የንግሡን ቀን ሆን ብዬ ተውኩት። መጋቢት 5 እና ጥቅምት 5 ተራራው በሰው ስለሚሸፈን የሚታየው ሕዝቡ ነው። እኔ ያየሁት ዘመኔን ሁሉ ከሩቅ ስለሆነ፣ ተራራው ራሱን ሆኖ በሚውልበት ተራ ቀን ላየው ፈለግኩ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 11 ቀን 2005 ዓ.ም.

ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት ወጣሁ። እናቴ እስከ በር ሸኝታ አምስት ሊትር የምትይዝ ባዶ ቢጫ ጀሪካን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍና አንድ ቋጠሮ ዕጣን አስያዘችኝ። «ከሐይቁ ነው የምትቀዳልኝ፣ ከቧንቧ እንዳይሆን» አለች። የቀረው ጓዜ በጀርባዬ ነው፦ ጋቢ፣ ሹራብ፣ የእጅ ባትሪ፣ የስንቅ ቆሎ።

እስከ ደብረ ዘይት ያለው መንገድ የጂቡቲ ከባድ መኪኖች መንገድ ነው። አዲሱ ፈጣን መንገድ ያኔ ገና በመሠራት ላይ ስለነበረ ሚኒባሳችን ከተሳቢ ኋላ ተሰልፋ ተንፏቀቀች። ዱከምን ስናልፍ የረር በስተግራ፣ ዝቋላ በስተቀኝ ቆመው ታዩኝ። ከመስኮታችን ሰማያዊ የነበረው እዚህ ሲደርስ ጥቁር አረንጓዴ መሆን ይጀምራል። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ነጠላቸውን ከራሳቸው ሸርተት አድርገው በዚያ አቅጣጫ ተሳለሙ። እናቴ ብቻ የምታደርገው ይመስለኝ ነበር።

ከደብረ ዘይት ከተራራው ግርጌ ወዳለችው ወንበር ማርያም የሄድኩት እህል አራግፎ በሚመለስ አይሱዙ ላይ ከባዶ ጆንያ ጋር ነው። አስፋልቱን ከለቀቅን በኋላ ያለው አፈር መረሬ ነው፤ ክረምት ላይ መኪናም ሰውም እንደሚውጥ አብረውኝ የተጫኑት ነገሩኝ። በታኅሣሥ ግን ደርቆ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቷል። ግራና ቀኙ የታጨደ የአድአ ጤፍ፣ በየመካከሉ ብቻውን የቆመ ግራር፣ ያልተሰበሰበ ሽምብራ ነው። አንዲት ልጅ ከመኪናው ኋላ እየሮጠች አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ወረወረችልን። ጨው ጨው የሚለውን ፍሬ እየፈለፈልን፣ ተራራው በየመታጠፊያው ከፍ እያለ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ደረስን።

ያረፍኩት የጎረቤታችን ዘመዶች ቤት ነው። የቤቱ እመቤት «አካም ጅርቱ» ብለው ተቀበሉኝ፤ የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታ ስለማያልፍ ወዲያው ወደ አማርኛ ዞሩልኝ። እዚህ ሰው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው የሚሻገረው ከጓዳ ወደ ሳሎን እንደመሄድ ነው። ተራራውንም ቱሉ ጩቃላም ይሉታል፣ ዝቋላም ይሉታል፤ የሚበዙት ግን በቀላሉ «አቦ» ነው የሚሉት።

አባወራው አውድማ ላይ ነበሩ። ከሰዓቱን በሙሉ እዚያው ከሳቸው ጋር ዋልኩ፤ ከዚህ ቀን የማልረሳውም እሱን ነው። አውድማው በእበት ተለቅልቆ እንደ ሲሚንቶ ጠንክሯል። ስድስት በሬዎች ጎን ለጎን እየዞሩ ነዶውን ይረግጡታል፤ አባወራው ከኋላ ሆነው ያዜማሉ፣ ልጆቹ ይቀበላሉ። አንዱ በሬ ጅራቱን ቀና ሲያደርግ የቤቱ ትንሽ ልጅ ጭድ በእጁ ይዞ ሮጦ እበቱን መሬት ሳይነካ ቀለበው። የጤፍ ፍሬ ከበሬ ኮቴ ሥር ሲወጣ አይታይም፤ ለመታየት ያንሳል። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ከተራራው በኩል ነፋስ ሲመጣ ግን ሁሉም ሥራውን ትቶ ላይዳና መንሽ አነሳ። ወደ ላይ የተበተነው ገለባ እንደ ጭስ ወደ ጎን ሲሄድ ፍሬው ቀጥ ብሎ ከእግራችን ሥር ወረደ። የአባወራው ሽፋሽፍት ላይ ሳይቀር ነጭ ጤፍ ነበር። «ነፋሱን የሚልክልን እሱ ነው» አሉኝ ወደ ዝቋላ እያመለከቱ። «ጧት ሜዳው ጸጥ ይላል፤ ከሰዓት እሱ ይተነፍሳል።»

ጾመ ነቢያት ስለሆነ እራቱ ሽሮና የሽምብራ ንፍሮ ነበር። ቡና እየተጠጣ ወሬው ወደ እሳቱ ሄደ። በ2004 ዓ.ም. መጋቢት፣ ያኔ ገና ዘጠኝ ወሩ ነበር፣ የዝቋላ ደን ተቃጥሎ ነበር። በዚያ ሰሞን እኛ አቃቂ ሆነን ጭሱን አይተናል፤ እናቴ በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ስታለቅስ አስታውሳለሁ። እዚህ ግን ጭሱ በር ላይ ነበር። «ቀን ጭስ፣ ሌሊት ፍሙ ይታያል» አሉ አባወራው። «ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ወጣ። ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ዘይት፣ ከዱከም ወጣቱ በመኪና እየተጫነ መጣ። ውኃ በምን ይደርሳል? በጀሪካን ተሸክመህ ስትደርስ ግማሹን ጠጥተኸዋል። በቅጠልና በአፈር ነው የመታነው። ፊት ፊቱን እየቀደምን ቁጥቋጦውን መነጠርን።»

«ደኑ የገዳሙ ነው አይደል?» አልኩ።

እመቤቲቱ ጀበናውን መልሰው ጣዱና «ጥላው የሁላችን ነው» አሉ። እሳቸው የሚያነዱት ኩበት ነው። ልጅ ሳሉ ከተራራው ግርጌ ጭራሮ ይለቅሙ እንደነበር፣ አሁን ግን ርቆ ስለሄደ መድከም እንደሰለቻቸው ነገሩኝ። ይኼን ሲሉ ቅሬታ አልነበረበትም፤ ግን ቸል ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በየሜዳው ዛፍ ያለቀበት አገር ላይ አንድ ደን ሲቀር ሁሉም ዓይን እሱ ላይ ያርፋል። የገዳሙ ውግዘት ደኑን ለብዙ ዘመን ጠብቆታል፤ የማገዶውን ጉዳይ ግን ውግዘት ብቻውን አይመልሰውም። ግርጌው ላይ ላለው ቤት ሁሉ ጥቂት ባሕር ዛፍና የተሻለ ምድጃ ቢደርሰው ለተራራው ትልቅ አጥር ይሆንለት ነበር ብዬ አምናለሁ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 12

ጧት ሊነጋ ሲል ከቤቱ ሁለተኛ ልጅ ጋር ተነሣን። ዕድሜው አሥራ ሦስት ነው፤ ሁለት ፍየል ጠፍተውበት እግረ መንገዱን ሊፈልግ ነው የመጣው። መኪና የሚወጣበት ጥርጊያ መንገድ አለ፤ እኛ ግን እየቆረጥን በእግር መንገዱ ሄድን። «በእግሩ» ነው የተባለው ስለቱ።

ዝቋላ 2,989 ሜትር ነው። በአገራችን ከ4,000 በላይ የሚዘልቁ ተራሮች ስላሉ ከነሱ ጎን ትንሽ ነው። ነገር ግን እሱ ከሜዳ ነው የሚነሣው። ከጎኑ የሚጋራው፣ ቁመቱን የሚቀማው ሌላ ተራራ የለም፤ ወደ 1,000 ሜትር የሚሆነውን ብቻውን ነው የሚቆመው። የጠፋ እሳተ ገሞራ ስለሆነ ቅርጹም እንደ ተገለበጠ ሸክላ ጎድጓዳ ነው፣ ዳገቱም ከታች ይለዝብና ወደ ላይ እየከረረ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ሰዓት እያወራን ወጣን። ሁለተኛውን ዝም አልን።

የደኑ ለውጥ በእግር ሲወጣ በደንብ ይታያል። ከታች ቀጋና የተበታተነ ወይራ፤ ከዚያ ጥዱ ይጀምራል፤ ከፍ ሲል ኮሶው በቀይ ዘለላው ይመጣል፤ ወደ አፋፉ ሲጠጉ አስታና አሜጃው ይበዛል። ቅርንጫፉ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም ግራጫ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ነካሁት፣ በጤዛ ርሶ ቀዝቅዟል። ሁለት ጉሬዛ ከጥድ ወደ ጥድ ሲዘልሉ ነጭ ካባቸው ለቅጽበት እንደ ክንፍ ተዘረጋ። ልጁ «መነኮሳት ናቸው እንላቸዋለን» አለኝ።

ከዚያ የተቃጠለው ጋ ደረስን። ድንገት ነው የሚመጣው፤ ጥላው ያልቅና ፀሐይ ግንባርህን ይመታሃል። መሬቱ ላይ አሁንም ከሰል አለ። ጥዶቹ ቆመው ደርቀዋል፤ ቅርፊታቸው ተልጦ ውስጡ ብር መስሏል። ልጁ ተንበርክኮ አንድ ጥቁር ጉቶ አሳየኝ። አስታ ነው። ከሥሩ፣ ከከሰሉና ከአፈሩ መጋጠሚያ ላይ፣ እንደ ጥፍር የምታህል ቅጠል ያላቸው ሃያ ሠላሳ ቡቃያዎች ፈልተዋል። «ይኼ ይነሣል» አለኝ። ቀጥሎ ያለውን ግንድ በመዳፉ መታ አደረገ፤ ባዶ ድምፅ ሰጠ። «ጥዱ ግን አይነሣም፣ ጋሼ። እሱ ከፍሬ ነው።» እውነቱን ነው፤ ጥድ አንዴ ከነደደ ከሥሩ አያቆጠቁጥም፤ ወፍ የበተነችው ፍሬ በቅሎ እንደገና እስኪያድግ የሰው ዕድሜ ያልፋል።

«አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

«እዚህ። የአሜጃ ቅጠል ይዤ ስመታ።» ሱሪውን ከፍ አድርጎ ባቱ ላይ ያለች ጠባሳ አሳየኝ። ትንሽ ናት፤ ሃምሳ ሳንቲም ታክላለች። ኮራባት፣ እኔም አብሬው ኮራሁ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ ላይ ወጣን። ከመስኮታችን ስናየው የኖርነው የተጎመደ አናት ከውስጥ ባዶ ነው፤ ያን በትምህርት ቤት አውቄዋለሁ። ማወቅና አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ ማየት ግን አንድ አይደለም። በደን የተከበበ ጎድጓዳ ነው፤ ከታች በኩል ሐይቁ ነፋስ ሳይነካው ተኝቷል። ውጭ የነበረው ነፋስ ሁሉ ቀረ። ከማዶው ዳር የአንዲት ዳክዬ ድምፅ አጠገቤ ያለች ያህል ይሰማኛል። ልጁ ፍየሎቹን ረስቶ ዝም አለ፤ ስንት ጊዜ አይቶት።

አባቶች የሚነግሩት ይኼ ነው፦ ጻድቁ ከግብፅ፣ ከንሒሳ፣ ከስድሳ አንበሳና ከስድሳ ነብር ጋር መጡ። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው ለኢትዮጵያ ምሕረት ሲለምኑ መቶ ዓመት ቆዩ። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሥዕል፣ ሰውነታቸው በጠጉር የተሸፈነው፣ አራዊቱ በግራ በቀኝ የቆሙት፣ ከዓይናቸው ወፍ የምትጠጣው፣ የዚህ ቦታ ሥዕል ነው። እኔ ዘመኔን ሁሉ ሥዕሉን ሳየው ዓይኔ አንበሶቹ ላይ ነበር። ዳሩ ላይ ቆሜ ያሰብኩት ግን ወፏን ነው። ለጠማት ወፍ እንባቸውን የሰጡ ሰው የጸለዩበት ውኃ ነው።

ከአፋፉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን። ቅዳሴው ገና አልጀመረም፤ በጾም የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። አንድ አባት ጧፉንና ዕጣኑን ተቀብለው የማን ስለት እንደሆነ ጠየቁኝ። የእናቴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው። «ስንት ዘመን ቆየ?» አሉ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት፣ አባቴ» አልኩ፤ ስናገረው ፊቴ ጋለ። አልገሠጹኝም። ከጋዜጣው ፈትተው አንዱን ጧፍ መልሰው ሰጡኝና «ራስህ አብራው፤ አንተ ነህ የተባልከው» አሉ። እጄ ተንቀጥቅጦ ሁለት ክብሪት ጠፋብኝ፤ በሦስተኛው በራ።

ልጁ ፍየሎቹን ፍለጋ ወረደ፤ እኔ ከቅዳሴ በኋላ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ቀረሁ። ሌላ እንግዳ አልነበረም። አንዲት አረጋዊት እማሆይ በእንጨት ሳሕን ንፍሮ አምጥተውልኝ «ከየት ነህ ልጄ?» አሉ። አቃቂ አልኩ። ፊታቸው በራ። «ና» ብለው በትራቸውን እየተመረኮዙ ደኑ ወደሚከፈትበት፣ በስተሰሜን ወዳለው አፋፍ ወሰዱኝ። ጨልሞ ነበር። ብርዱ ጋቢዬን አልፎ ይገባል። ከታች ሜዳው ላይ የወንበር ማርያም ጥቂት መብራቶች፣ ራቅ ብሎ ደብረ ዘይት፤ ከዚያ ወዲያ፣ ከሰማዩ ሥር፣ ረጅም የብርሃን ዶቃ።

«ያ የፊተኛው አቃቂ ነው ይሉኛል» አሉ እማሆይ። «እኔ ከመጣሁ ወርጄ አላውቅም። ማታ ማታ እየወጣሁ አያለሁ። ስንት እናት አለች እላለሁ፤ ስንት የታመመ አለ። ማንን እንደሆነ ባላውቅም ለሁሉም አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ።»

እናቴ ጧት ጧት ከዚያ ወደዚህ ታያለች፤ እማሆይ ማታ ማታ ከዚህ ወደዚያ ያያሉ። ይኼን ልነግራቸው አስቤ ጉሮሮዬ ያዘኝ። ቆይቼ ነው የነገርኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና «መብራቷ የትኛው ነው?» አሉኝ። አላውቀውም አልኩ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 13

ከንጋት በፊት ደወል ቀሰቀሰኝ። ብርዱ ከባድ ነው፤ ሣሩ ላይ አመዳይ አለ። ፀሐይ ስትወጣ አፋፉን በደቡብ በኩል ዞርኩት። በምሥራቅ የደብረ ዘይት ሜዳና የቆቃ ውኃ፤ በደቡብ የአዋሽ መስመር በዛፎቹ ጥቁረት ይታወቃል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ጭጋግ የሆነ ነገር አለ፣ ዝዋይ ይሆናል። ከዚህ ሲታይ አገሩ ሁሉ የታጨደ ማሳ ነው፤ ቢጫ፣ ቡኒ፣ ቢጫ። አረንጓዴው እግሬ ሥር ያለው ብቻ ነው።

አንድ ነገር ግን አሳዘነኝ። በመንገዱ ዳር፣ በቁጥቋጦው ሥር፣ ከጥቅምቱ ንግሥ የቀረ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቷል። ጸበል ሊቀዳ የመጣ ሰው ነው የጣለው። ቦርሳዬ የቻለውን ያህል፣ አሥራ ስድስት፣ ለቀምኩ። የመጣንበት ቦታ ቅዱስ ከሆነ መሬቱም የቅድስናው ክፍል ነው፤ ይኼን ለመረዳት ሰባኪ አያስፈልገንም። በመጋቢት የምትወጡ፣ እባካችሁ ባዶውን ይዛችሁ ውረዱ።

ጀሪካኑን የሞላሁት ጫማዬን አውልቄ ነው። ውኃው ቁርጭምጭሚቴን እንደ ቢላ ያዘው። ከዳሩ ያለው ደፍረስ ይላል፤ ጠራ እስኪል ጥቂት ገባሁ። የሚገባበት ወንዝ የሌለው፣ ዝናብ ያጠራቀመው ውኃ ነው፤ እናቴ «ሻሹን አሰረ» ያለችው ሁሉ እዚህ ነው የተቀመጠው። እማሆይ ሊሸኙኝ መጥተው ነበር። እናቴ ስም ላይ ስማቸውን ጨምረን በጸሎት እንድናስባቸው ጠየቁኝና ስማቸውን ሰጡኝ፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም።

ቁልቁለቱ ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ልጁ በር ላይ ጠበቀኝ፤ አንዷ ፍየል ተገኝታለች፣ ሌላዋ የለችም፣ ጅብ ሳይበላት አልቀረም። አባወራው ጤፉን ጆንያ ውስጥ እየሞሉ ነበር። እመቤቲቱ ለእናቴ አንድ ቁና ሽምብራ ቋጠሩልኝ፤ «ለአቃቂዋ» አሉ።

አይሱዙው ላይ ጀሪካኑን በጆንያዎቹ መካከል አስቀምጬ ወደ ተራራው እያየሁ ሄድኩ። ደብረ ዘይት ስንደርስ ሱሪዬ ርሷል። ክዳኑ ላልቶ ኖሯል፤ መንገዱ ሲያነጥረን ከግማሽ በላዩ ፈስሷል። እዚያው መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። የቀረውን አጥብቄ ዘግቼ ጭኔ ላይ አድርጌ ገባሁ።

አቃቂ ስደርስ መሽቷል። እናቴ ጀሪካኑን ከፍ አድርጋ ክብደቱን ገመተችው፤ የሆነውን ነገርኳት። «የፈሰሰው ሽምብራው ማሳ ላይ ነው?» አለች። መንገዱ ላይ ነው አልኩ። «ከመንገዱ ዳር ማሳ አለ አይደል» ብላ ተቀመጠች። በትንሽ ሲኒ ቀድታ ጠጣች፤ የቀረውን ጉልበቷ ላይ በመዳፏ አሸች። ከዚያ አንድ በአንድ አስነገረችኝ። በሬዎቹን፣ የልጁን ጠባሳ፣ ከከሰል ሥር የወጣውን ቡቃያ፣ ሁለቱን የጠፉ ክብሪቶች። እማሆይ ጋ ስደርስ አላቋረጠችኝም። «መብራቷ የትኛው ነው?» ማለታቸውን ስነግራት ተነሣች። በጉልበቷ ላይ እጇን ደግፋ፣ ቀስ ብላ፣ ጓሮ ወጣች።

የጓሮው አምፖል ሁልጊዜ ከእራት በኋላ ይጠፋል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል ባይዋ ራሷ ናት። ያን ሌሊት እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቼ በመስኮቱ ሳይ አምፖሉ እንደበራ ነበር።